በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ መካከል

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶቹን ስድስት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንሶቹን አራት ኪሎ ላይ ካደራጀ ብዙ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ አምስት ኪሎ አጠገብ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ የሉሲ አጥንቶች የሚጠበቁትም እዚያው ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በእግር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አርኪዮሎጂ ለሚማር ወጣት ግን መንገዱ ከዚያ በላይ ይረዝማል። 11ኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ባዮሎጂን እዚያው ይሰናበታቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ሲደርሰው የሚጠብቀው ደግሞ ማስረጃው በብዛት ከቤተ ሙከራ የሚወጣ ሙያ ነው። ለራሱ ለተማሪው ይህ ዱብ ዕዳ ነው። ለአገሪቱም ቢሆን ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ስለ ጥንታዊነቷ የምትናገረው ነገር አብዛኛው የቆመው ይህንኑ ተማሪ ባመለጠው ዕውቀት ላይ ነው።

አርኪዮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አካፋ፣ ጉድጓድና ከአፈር ብቅ ያለ ሸክላ ነው። ቁፋሮ አለ፣ ግን ከሥራው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። አንድ ወር የተቆፈረ ቦታ ዓመታት የሚፈጅ የመለየት፣ የመመዘን፣ የማነጻጸርና የመመርመር ሥራ ይዞ ይመጣል። በኩራት የምንጠራቸውን ቁጥሮች ብቻ እንይ። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ በጎና ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት፣ የኦሞ ኪቢሽ ሰው ከ200,000 ዓመት በላይ። እነዚህን ቁጥሮች አጥንቱም ሆነ ድንጋዩ ላይ ጽፎ ያስቀመጠልን የለም። ያወጧቸው ጂኦሎጂስቶች፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂ ከተግባራዊ ሳይንሶች ጋር ተጣምሮ መሰጠት አለበት። ዓላማው ተማሪውን ኬሚስት ማድረግ አይደለም። ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን ናሙና እንደሚወስድ፣ የመጣለትንም ቁጥር መቼ እንደሚጠራጠር የሚያውቅ ባለሙያ ማድረግ ነው።

ከዕድሜ አለካክ እንጀምር። በየመድረኩ የሉሲ ዕድሜ «በካርቦን ተለካ» ሲባል ይሰማል። አልተለካም፤ ሊለካም አይችልም። ካርቦን 14 በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ከአየርና ከምግቡ የሚያገኘው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲሞት ማግኘቱ ይቆማል፣ በውስጡ የቀረውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን መለኪያ በ1949 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ በ1960 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ ለመለካት የሚበቃ ካርቦን አይተርፍም። ለሉሲና ለመሰሎቿ ያገለገለው ሌላ መንገድ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ድንጋይ በውስጡ የነበረውን አርጎን የተባለ ጋዝ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት፣ አስተንፍሶ ያወጣዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ አሁን ግን መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ሰው ፍንዳታው የደረሰበትን ጊዜ ያውቃል። የተለካው እንግዲህ የሉሲ አጥንት ሳይሆን በሐዳር ከአጥንቷ አቅራቢያ የተነጠፈው አመድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ለአርኪዮሎጂ ይህን ያህል ለጋስ የሆነው እሳተ ገሞራዎቹ በየዘመኑ አመድ ስላነጠፉበት ነው።

ይህ መርሕ በተግባር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የኦሞ ኪቢሽ ታሪክ ያሳያል። በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ቡድን በ1967 በኦሞ ወንዝ አካባቢ የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካል አገኘ። በመጀመሪያ በቦታው የተገኙ የውሃ እንስሳት ዛጎሎች በዩራኒየም ዘዴ ተለክተው 130,000 ዓመት ገደማ ተባለ። ዘዴው ለዛጎል አስተማማኝ ስላልነበረ ቁጥሩ ጥያቄ እንደተነሣበት ቆየ። በ2005 ኢያን ማክዱጋል፣ ፍራንሲስ ብራውንና ጆን ፍሊግል የአካባቢውን የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች እንደገና አጥንተው ወደ 195,000 ዓመት አደረሱት። ክርክሩ በዚህም አልበረደም። ከአጥንቶቹ በላይ የተነጠፈ ወፍራም የአመድ ንብርብር አለ፤ የእሱ ዕድሜ ቢታወቅ አጥንቶቹ ከዚያ እንደማያንሱ ይረጋገጥ ነበር። ችግሩ አመዱ እጅግ የላመ መሆኑ ነው፤ በአርጎን ለመለካት የሚበቃ ክሪስታል አይገኝበትም። ለአሥርተ ዓመታት ተመራማሪዎች እየተመላለሱ ያዩት ንብርብር ነበር፤ ዕድሜውን ግን መናገር የቻለ አልነበረም።

በ2022 የመጣው መፍትሔ ከሌላ አቅጣጫ ነው። በሴሊን ቪዳል የሚመራው ቡድን አመዱን ራሱን ለመለካት ከመታገል ይልቅ የኬሚካል ይዘቱን መረመረ፤ እያንዳንዱ ታላቅ ፍንዳታ የራሱ የሆነ የንጥረ ነገር ቅንብር ስላለው የአመዱ ምንጭ ሊታወቅ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ካሉ እሳተ ገሞራዎች ከተሰበሰበው ናሙና ጋር ሲነጻጸር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከሻላ ጋር ገጠመ። ዛሬ ሰው ለመዝናናት የሚሄድበት የሻላ ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ ማለት ነው። በሻላ ያለው ክምችት በቂ ክሪስታል ስለነበረው ተለካ፤ 233,000 ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 22,000። የኦሞ ሰው እንግዲህ ከዚያ ፍንዳታ በፊት የኖረ ነው። ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስቶች አስፋወሰን አሥራትና ገዛኸኝ ይርጉ ይገኙበታል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ችሎታው በአገር ውስጥ አለ፤ ያለው ግን በአራት ኪሎው ወገን ነው። ከስድስት ኪሎ የሚወጣው ተማሪ ይህን ጥናት ሲያነብ «ሲደመር ወይም ሲቀነስ 22,000» የሚለው ሐረግ ምን እንደሚል፣ ቁጥሩም የአጥንቱ ሳይሆን የአመዱ መሆኑን ካልተረዳ የራሱን አገር ዋና ማስረጃ በሰው አፍ የሚሰማ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ምናልባት ይህ ስለ ሚሊዮንና መቶ ሺህ ዓመታት ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ወደ ቅርብ ዘመን እንምጣ። ከዐድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የብራና ወንጌሎች ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱ በሥዕላቸው አሣሣልና በጽሕፈታቸው ተመርተው በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጻፉ ናቸው ሲሏቸው ኖረዋል። የገዳሙ ትውፊት ደግሞ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ራሳቸው ጻፏቸው ይላል። ከብራናው የተወሰዱ ጥቃቅን ቁራጮች በካርቦን 14 ሲመረመሩ የተገኘው ዘመን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ወደቀ። ወንጌሎቹ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ሄዱ፤ በሥዕል ካጌጡ የክርስቲያን መጻሕፍት መካከል በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታውያን ጋር ተመደቡ፤ የአክሱም ዘመን የሥነ ጽሑፍና የሥዕል ታሪክም እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ። በዓይን ብቻ የተመሠረተው ሊቅነት እዚህ ላይ ተሸንፏል። ይሁንና ቤተ ሙከራው የተናገረው ብራናው የተገኘበት እንስሳ መቼ እንደሞተ ብቻ ነው፤ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው አልተናገረም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ ሳይንሱ ራሱ የተሳሳተበት ነውና። በጋሞ ደጋ በሚገኘው ሞታ ዋሻ በ2012 በተደረገ ቁፋሮ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ ሰው ተገኘ፤ ባይራ የሚል ስም ተሰጠው። ዋሻው በቀዝቃዛ ከፍታ ላይ በመሆኑ ዲ ኤን ኤው አልጠፋም። የውስጥ ጆሮን ከሚይዘው የራስ ቅል ክፍል፣ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ጠጣሩ ከሚባለው፣ ናሙና ተወስዶ በ2015 ሙሉ የዘር መረጃው ታተመ፤ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም ነበር። ጽሑፉ ባይራን ከዛሬዎቹ አፍሪካውያን ጋር አነጻጽሮ ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ አሻራው በመላው አህጉር ይታያል አለ። ዜናው በዓለም ተናኘ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ ራሳቸው ጸሐፊዎቹ እርማት አወጡ። የሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን መረጃ ለማጣጣም የሚያስፈልግ አንድ እርምጃ ተዘልሏል፤ በዚህም ምክንያት በመላው አፍሪካ የተባለው መደምደሚያ አይቆምም። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው አሻራ ግን ጸንቶ ቀረ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ስሕተቱ ቁፋሮ ጉድጓድ ውስጥ አልተሠራም፤ አጥንቱ በሥርዓት ወጥቷል፣ ንብርብሩ በትክክል ተመዝግቧል። ስሕተቱ ኮምፒውተር ላይ ነው የተሠራው። ዲ ኤን ኤ እንዴት እንደሚነበብና እንደሚነጻጸር ጭራሽ ያልተማረ አርኪዮሎጂስት እንዲህ ያለ ግድፈት ሊያይ አይችልም፤ የመጣለትን ከማመን ወይም በደፈናው ከመካድ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለተኛ፣ ለምርመራ ሲባል የአጥንቱ ክፍል ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኗል። ጥያቄው ይበቃል ወይስ አይበቃም፣ ቁራጩ ምን ያህል ይሁን፣ ወደፊት የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ምን ይቀራል የሚሉትን መመለስ ያለበት የቅርሱ ባለቤት የሆነው አገር ባለሙያ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥናትና ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ያዛል። ፈቃድ ሰጪው ግን የሚጠየቀው ነገር ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ ፈቃዱ ማኅተም ብቻ ይሆናል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ በዓለም መጽሔቶች የወጡ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ ተግባራዊ ሳይንስ ማለት ውድ መሣሪያ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ወንፊት ነው። የጥንት ሰው ምን ይበላ እንደነበር ለማወቅ ከምድጃና ከጎተራ አካባቢ የተነሣ አፈር በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ቀስ ተደርጎ ይፈታል፤ አፈሩ ሲዘቅጥ የከሰለ እህል ይንሳፈፋል፤ በወንፊት ተይዞ በጥላ ይደርቅና በማይክሮስኮፕ ይለያል። የወንፊቱ ቀዳዳ ስንት ይሁን? ገብስና ስንዴ ለሚፈልግ ሰው 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የጤፍ ፍሬ ግን ርዝመቱ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ከስፋቱ አንጻር ሲታይ ደግሞ ያንሳል፤ ከከሰለ በኋላም ሊኮማተር ይችላል። በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያጣራ ተማሪ ጤፉን ከጭቃው ጋር ደፍቶ «በዚህ ቦታ ጤፍ አልነበረም» ብሎ መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ይችላል፤ የሚመረምረው መምህርም ወንፊቱን ካልጠየቀ ያልፍለታል። ለካርቦን 14 የሚላክ ከሰልም እንዲሁ ነው። በእጅ አይያዝም፣ በጥጥ አይጠቀለልም፣ ወረቀት አይነካውም፤ እነዚህ ሁሉ የዛሬ ካርቦን ይዘው ይመጣሉና። በንጹሕ ወረንጦ ተነሥቶ በአልሙኒየም ፎይል ይቋጠራል፤ ንብርብሩ፣ ጥልቀቱና ቀኑ ይጻፍበታል፤ በውስጡ የገባ የቀጭን ሥር ጭራ ካለ ይለቀማል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ካርቦን ምን እንደሆነ የሚያውቅ እጅ ነው።

በምሥራቅ ትግራይ በመዝበር በተባለው የቅድመ አክሱም መንደር የተገኙት የዶሮ አጥንቶችም ተመሳሳይ ነገር ያስረዳሉ። ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 ባወጡት ጥናት መሠረት ከአጥንቶቹ አንዱ በቀጥታ ተለክቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት አጋማሽ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል፤ ዶሮ ወደ አፍሪካ ስለገባችበት ጊዜ ካሉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያቺ የጣት ያህል አጥንት የዶሮ እንጂ የቆቅ ወይም የጅግራ አለመሆኗን መለየት ነበረበት። በ2019 ይፋ የሆነው የባሌ ተራሮች የፊንጫ ሃበራ ጥናትም እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መኖራቸውንና ትላልቅ ፍልፈሎችን እየጠበሱ መብላታቸውን የነገረን የአጥንትና የአፈር ምርመራ ነው።

ስለ ጥበቃ ደግሞ። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን ነው። በ2005 በሦስት ቁራጭ ሆኖ በአውሮፕላን መጣ፤ በ2008 ተተከለ። ከመተከሉ በፊት ቦታው በመሬት ውስጥ ራዳርና በመሰል መሣሪያዎች ሲጠና ከሥሩና ከዙሪያው ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች ምልክት ታየ፤ የሐውልቱ መሠረት የት እንደሚያርፍ ሲወሰን ይህ ታሳቢ መሆን ነበረበት። መሐንዲስ፣ ጂኦፊዚሲስትና አርኪዮሎጂስት በአንድ ጠረጴዛ ሳይቀመጡ ያ ሥራ አይሠራም። ላሊበላም ሌላ ምሳሌ ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉት መጠለያዎች ዝናቡን ከልክለዋል፤ ክብደታቸውና በነፋስ ጊዜ ያላቸው ሁኔታ ግን የአካባቢውን ካህናትና ምእመናን ሲያሳስብ ኖሯል። ድንጋዩ እርጥበቱን ሲያጣ ምን ይሆናል፣ ስንጥቁ ይሰፋል ወይ፣ መጠለያው ሲነሣስ? እነዚህ የድንጋይ ኬሚስትሪና የምሕንድስና ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱን ለካህናቱ በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ያለበት ግን የቅርስ ባለሙያው ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው አርኪዮሎጂ የሰው ጥናት ነው፣ ቤተ ሙከራ ከወረሰው ነፍሱን ያጣል የሚለው ነው። በግዕዝ የተጻፈውን፣ በቃል የሚነገረውን፣ የአገሬው ሰው ስለ ቦታው የሚያምነውን ትቶ ቁጥር ብቻ የሚያሳድድ ትውልድ ይመጣል ይላሉ። ሥጋቱ እውነት አለው። በ2016 የሉሲን አጥንቶች በኮምፒውተር ቶሞግራፊ ያጠኑት ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ስብራቶቿን አይተው ከዛፍ ወድቃ ሞተች አሉ። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ግን አልተቀበሉትም። መከራከሪያቸው ሌላ መሣሪያ አልነበረም፤ ዛፍ የማይወጡ እንስሳት ቅሪትም ተመሳሳይ ስብራት እንዳለው፣ አጥንት በአፈር ሥር ተቀብሮ ሲጫነው እንዲህ እንደሚሰበር የሜዳ ልምዳቸው ያሳያቸው ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ መሆኑ ትርጉሙን አላጠራውም። የገሪማ ወንጌሎችም ዕድሜ ቢታወቅ ትርጉማቸውን ለመናገር ግዕዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን የሚያረጋግጠው ጥምረቱን እንጂ መለያየቱን አይደለም። ሰብአዊ ጥናቱን የሚያውቅ ሰው ቤተ ሙከራውን ካላወቀ፣ ትርጉም የመስጠቱንም ሥልጣን ለባለ መሣሪያው ያስረክባል። እንዲያውም የሕሊና ወልደኪሮስ ሌላ ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። የዶሮዋን አጥንት ያጠኑት ሰው፣ ከአፋር ቆላ ወደ ትግራይ ደጋ ጨው የሚያመላልሱትን ነጋዴዎች ተከትለው፣ የት እንደሚያድሩ፣ እሳት የት እንደሚያነዱ፣ ምን ጥለው እንደሚያልፉ አጥንተዋል። በጥንቱ የአክሱም የንግድ መንገድ ላይ የሚገኝን አመድ ለመተርጎም አርሆ የሚባለውን የዛሬውን የጨው ነጋዴ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ካርቦን 14ን የሚለካ ዘመናዊ ማፋጠኛ በሚሊዮኖች ዶላር ይገዛል፤ የመብራት መቆራረጥን አይችልም፤ ለጥቂት ናሙና ብሎ መግዛትም አያዋጣም። እስማማለሁ። አብዛኞቹ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችም አልገዙትም፤ ናሙናቸውን ይልካሉ። ጥያቄው የሚልከው ማን ነው የሚለው ነው። ናሙናውን የመረጠው፣ ንብርብሩን ያነበበው፣ ጥያቄውን የቀረጸው የውጭ ባለሙያ ከሆነ የኢትዮጵያዊው ድርሻ ፈቃድ ማመቻቸትና መኪና ማስነሣት ይሆናል፤ በጽሑፉ ላይ ስሙ ቢሰፍርም ክርክሩ የእሱ አይሆንም። ሉሲ ከተገኘች በኋላ ለጥናት ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1980 ነው የተመለሰችው፤ ያኔ አጥንቶቹን በአገር ውስጥ የሚያጸዳና የሚጠብቅ አቅም አልነበረም። ዛሬ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ያ አቅም አለ፤ የተገነባው ግን በሕንጻ ብቻ አይደለም። እንደ ቅሪተ አካል ተመራማሪው ብርሃኔ አስፋው ያሉ ሰዎች ሠልጥነው ስለተመለሱ ነው። ያን ያህል ጥረት የሚጠይቀውን ሥልጠና በጥቂት ዕድለኞች ላይ ብቻ መጣል ግን የሚያዛልቅ አይደለም።

ሦስተኛው የሥራ ጉዳይ ነው፤ ወላጆች ሁልጊዜ የሚያነሡት። አርኪዮሎጂ ተምሮ የት ይቀጠራል? ሙዚየምና የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ቦታቸው ውስን ነው፤ ብዙ ተመራቂም ከሙያው ውጭ ይቀራል። እዚህ ላይ ሳይንስ መጨመር ተአምር አይሠራም፤ ነገር ግን በሩን ያሰፋል። ካርታ በጂ አይ ኤስ መሥራት፣ በድሮን ምስል ቦታ መቀየስ፣ አፈርን ማንበብ፣ ጥንታዊ ድንጋይና ብራና ማከም የተማረ ሰው ከመንገድ ግንባታ እስከ አካባቢ ጥበቃ ጥናት ይፈለጋል። ሕጉም ይደግፈዋል፤ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንጻና በመንገድ ሥራ ቅርስ ያገኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ግንባታው በየቦታው በበረታበት አገር ይህን ድንጋጌ በሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ ቢኖር፣ ዶዘር አፈሩን ከመግፋቱ በፊት የሚያየው ሰው ይገኛል። እርግጥ ተቋራጮችን የሚያስገድድ ክትትል ከሌለ ባለሙያው ብቻውን ምንም አያመጣም።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይኖርብኛል። በተመሳሳይ የቆይታ ዘመን ላይ ሳይንሱን መጫን ማለት ሌላ ነገር መቀነስ ነው፤ አሁን ከሚሰጡት ኮርሶች መካከል እርስ በርስ የሚደጋገሙ የቱሪዝምና የአስተዳደር ትምህርቶች ቢታጠፉ ብዙ የሚጎዳ አይመስለኝም፤ የግዕዝና የታሪክ ትምህርት ግን ሊነካ አይገባም። የመግቢያውንም በር መክፈት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አርኪዮሎጂን እንደ ሳይንስ ሲያስተምር ኖሯል፤ የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ ለአንድ ዓይነት ትምህርት በአርትስም በሳይንስም ዲግሪ ይሰጣል፤ ተማሪው በዝንባሌው ይመርጣል። ለእኛም ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ሰላም የተባለችውን የዲኪካ ሕፃን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣው በጂኦሎጂ ነው፤ አርዲ የተባለችውን ጥንታዊ ቅሪተ አካል የመጀመሪያ ቁራጭ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደግሞ በታሪክ። ሁለቱም የጎደላቸውን ግማሽ ለመማር ውጭ አገር ሄደው ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ከሁለቱም በር የሚገባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ለማኅበራዊ ሳይንሱ የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ መሠረት፣ ለተፈጥሮ ሳይንሱ የግዕዝና የታሪክ መሠረት ቢሰጠው ብዙ ዓመት ይተርፋል።

ለመጀመር ደግሞ ማፋጠኛ መጠበቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የማነጻጸሪያ ስብስብ ቢኖረው ይበቃል። የተቀቀለና የጸዳ የዶሮ፣ የቆቅና የጅግራ አጥንት፣ የበግና የፍየል አጥንት ጎን ለጎን ተደርድሮ፤ በብረት ምጣድ ላይ የከሰለ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ገብስና ኑግ በየጠርሙሱ፤ ባልጭት ከተባለው ቦታና ከስምጥ ሸለቆው የተለያዩ ቦታዎች የተለቀመ ባልጩት ምንጩ ተጽፎበት፤ ከአራት ኪሎ የተዋሰ ማይክሮስኮፕ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ይህን ቢለይ፣ ቢመዝንና ቢሥል፣ በሁለተኛው ዓመት ሜዳ ሲወጣ ለወንፊቱ ቀዳዳ የሚከራከረው ራሱ ይሆናል።